ዛፍ ሥር የቀረው ጓደኛችን
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ውድድሮች አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ያካትቱ የሚለውን ጽሑፍ ከድሬ ሆኜ አነበብኩት። ልቤን ነካው። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር ጓደኛችን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቦርሳችንን ይጠብቅ ነበር። መሮጥ ትፈልጋለህ ወይ ያለው የለም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አቦ፣ የሚያስፈልገው እኮ አጭር ገመድና አብሮት የሚሮጥ ሰው ነበር! በአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ፣ በፓራሊምፒክም፣ ዓይነ ስውራን ከመሪያቸው ጋር በገመድ ተያይዘው ነው የሚሮጡት። መሪው ቀድሞ መስመሩን ማለፍ አይፈቀድለትም። ከዚህ በላይ ስፖርታዊ ጨዋነት አለ? የማየት ችግር ያለባት ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ ያሰብኩት እሱን ነው። የድሬ ስፖርት መምህራን፣ በጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ልጆቹን ሜዳ ስታወጡ፣ እባካችሁ ዛፍ ሥር ያለውንም ጥሩት።