ጠቅላላ ሐኪምነት መሸጋገሪያ ብቻ ነው እንዴ?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ጠቅላላ ሐኪምነትን ወደ ስፔሻሊቲ (በአንድ የሕክምና ዘርፍ ላይ ብቻ ወደሚያተኩር ሙያ) መሸጋገሪያ አድርጎ ማቅረቡ አልተዋጠልኝም። በእንግሊዝ እኮ ከዩኒቨርሲቲ በኋላ 2 ዓመት መሠረታዊ ሥልጠና፣ ከዚያ ደግሞ 3 ዓመት የጠቅላላ ሕክምና ሥልጠና አለ። አሜሪካም የዚሁ አቻ የሆነው የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ (ከሕክምና ትምህርት በኋላ የሚወሰድ የሥራ ላይ ሥልጠና) 3 ዓመት ነው። ራሱን የቻለ ሙያ ነው ማለት ነው። ስፔሻሊስቱ ጋ በሽተኛው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ተጣርቶ ነው የሚደርሰው። «ራሴን ያመኛል» ብሎ የገባው ሰው እንቅልፍ አጥቶ ይሁን ዕጢ ኖሮበት፣ በደቂቃዎች ውስጥ መጠርጠር ግን የጠቅላላ ሐኪሙ ፋንታ ነው። ደግሞ አንዳንዱ እጁ የበሩ እጀታ ላይ ካረፈ በኋላ ዞር ብሎ «ዶክተር፣ ደረቴንም አልፎ አልፎ ይወጋኛል» ይላል። የመጣበት ዋና ጉዳይ እሱ ሊሆን ይችላል! ይህን በሽምደዳ አታገኙትም። ሠልጣኞች፣ ቦታ ስትመርጡ ስለ ሕንፃውና ስለ መሣሪያው ሳይሆን፣ በሽተኛው ከወጣ በኋላ አብሯችሁ ቁጭ ብሎ የሚወያይ ሐኪም መኖሩን ጠይቁ።