ግንዛቤ ጣራ አይሆንም

የሰሞኑ ንፋስና ዝናብ ጅማን ምን እንዳደረጋት ለማንም አልነግርም፤ ሁላችንም አይተናል። ጣራ ተነሥቷል፣ ባሕር ዛፍ ሽቦ ላይ ወድቋል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ጎርፍ ቤት ገብቷል። የበረረ ቆርቆሮ ለቅመን፣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ አስጥተን ሳንጨርስ ስብሰባ ተጠራን። እዚያም አንድ ኃላፊ ማይክ ይዘው ሦስት ነገር ነገሩን። አደጋው ድንገተኛ ነው አሉ። ጉዳቱ የከፋው ነዋሪው ግንዛቤ ስለሌለው ነው አሉ። ስለዚህ በቅርቡ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጃል አሉ። ጥቂት ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ከድንገተኛው ልጀምር፤ ከሁሉም ደካማው እሱ ነው። ጅማ ላይ ዝናብ ድንገተኛ? በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ከተማ እኮ ናት! ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ጃንጥላ ከእጃችን አይለይም። በጋ የምንለው ራሱ አንዳንዴ ያበሰብሰናል። ቡናው፣ አቮካዶው፣ ማሩ ከምን የመጣ ይመስላቸዋል? በልግ ሲሆን ደግሞ ነገሩ የታወቀ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ መሬቱ ይግላል፣ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ተቆልሎ ይጠቁራል። ከዚያ ነጎድጓድ፣ ንፋስ፣ ሲብስም በረዶ። ይህን እዚሁ ጅማ መርካቶ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት አብጠርጥራ ታውቀዋለች። በጅሬን ኮረብታ በኩል ሰማዩ ሲከብድ ካየች ሸራዋን ለመጎተት የማንንም መግለጫ አትጠብቅም። ታዲያ ድንገተኛ የሆነው ለማን ነው?

ቀኑና ሰዓቱ አይታወቅም የሚል ካለ፣ እሺ፣ ይህን እሰጠዋለሁ። የትኛውን ሰፈር ንፋሱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመታው አስቀድሞ የሚነግረን የለም። ግን ዲች፣ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ፣ ለመጥረግ ሰዓት ማወቅ አያስፈልግም። ወሩን ማወቅ ይበቃል።

ግንዛቤ የለውም የተባለው ነዋሪ ያን ማታ ምን ሲያደርግ ነበር? ሰማዩ አንዴ ብልጭ እንዳለ በየቤቱ ሶኬት ተነቀለ። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ቻርጀር፣ ሁሉም። ይህን ያስተማረን መድረክ አይደለም፤ የተቃጠለ ፍሪጅ ነው። ቀይ ልብስ የለበሰ ልጅ ካለ አውልቅ ተባለ። (ቀይ መብረቅ ይጠራል የሚሉ እናቶች አሁንም አሉ። ሳይንሱ አይደግፋቸውም፤ በዚያ ሰዓት ግን ማን ይከራከራቸዋል?) ባልዲው የት፣ ሳፋው የት፣ ድስቱ የት እንደሚቀመጥ ልጆቻችን በጨለማ ያውቁታል። አልጋው ከግድግዳው ተስቦ ራቀ። ደብተርና መታወቂያ በፌስታል ተጠቀለለ። በሩ ሥር ጆንያ ተጎዘጎዘ። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መነጋገር ስለማይቻል ሁሉም በእጅ ምልክት ነው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ግን አንድ ድምፅ ለይተን እንሰማለን። ክፈፉ ላይ ያለው ቆርቆሮ እየተነሣ ሞራሌውን፣ ቆርቆሮው የተመታበትን እንጨት፣ ሲመታ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሚስማር እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም ቀና ብለን ወደ ኮርኒሱ እናያለን። ከዚህ በላይ ምን ግንዛቤ ሊያስጨብጡን ነው?

እንግዲህ ስለ ጣራ እናውራ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ንፋስ ጣራን የሚወስደው ከሥር ገብቶ ስለሚገፋው ብቻ አይደለም። በላዩ ሲያልፍም ወደ ላይ ይስበዋል፤ ክፈፉና ማዕዘኑ ላይ ይበረታል። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ቤቱን የሚያተርፈው የቆርቆሮው ማማር አይደለም። ሚስማሩ ነው። ሞራሌው ነው። ሞራሌውን ከቋሚው ጋር ያሰረው ነገር ነው። የትኛውንም የጅማ አናጢ ጠይቁ። ሞራሌው አይራራቅ፣ ክፈፉ ላይ ሚስማሩ ጠጋ ጠጋ ይበል ይላችኋል። ቀጥሎ ሒሳቡን ይነግራችኋል። ያኔ ዝም ትላላችሁ።

ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁ ስንት ይሁን ትባላላችሁ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። 28 ጌጅ ወፈር ያለ ነው፣ 32 ጌጅ ስስ ነው። የቀን ሠራተኛው 32ቱን የሚገዛው ስስ መሆኑን ስላላወቀ ነው? አንሥቶ፣ በእጁ አጥፎ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ኪሱን ዳብሶ ነው የገዛው። ሚስማሩንም ከሚያስፈልገው አሳንሶ ያስመዘነው ማነሱን እያወቀ ነው። ሞራሌውን ያራራቀው እያወቀ ነው። ይህን ሰው ሰብስቦ ስለ ጣራ ማስተማር ስድብ ነው። ቀጥተኛ ስድብ!

ይህም ጣራው የራሱ ለሆነ ሰው ነው። ተከራዩስ? ጎረቤታችን አንዲት እናት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ጣራው እኔ ሳላድግ የተመታ ነው፤ ዝገቱ በልቶት ከውስጥ ሆነው ብርሃን ያያሉ። ልጃቸው ቆርቆሮ እገዛለሁ ካለ ቆይቷል። ግን ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይነካም። ማመልከቻ አስገቡ። ነገ ይምጡ ተባሉ። ባለሙያ መጥቶ ያየዋል ተባሉ። ባለሙያው መስክ ወጥቷል ተባሉ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። ባለሙያው ሳይመጣ ንፋሱ መጣ። በማግስቱ ላጽናናቸው ስሄድ የራሰ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ንፋስ እኮ ደብዳቤ አይጠብቅም» አሉኝ። እኚህ ሴት ናቸው ግንዛቤ የሌላቸው። ፋይሉን ያስተኛው ሰው ግን ግንዛቤ ሞልቶ ተርፎታል መሰለኝ፤ የእሱ ስም በስብሰባው ላይ አልተነሣም።

የግል ተከራዩ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ጣራው ያፈሳል ሲል፣ ካልተመቸህ ልቀቅ ይባላል። ጣራው ከታደሰ ኪራይ ይጨመራል። ስለዚህ ሰው ከባልዲው ጋር መኖርን ይመርጣል። ጉዳቱ የደረሰው ሕገወጥ ግንባታ ላይ ነው የሚሉም አልጠፉም። ንፋሱ ካርታ እየጠየቀ አላለፈም። ካርታ ያላቸው፣ ግብር የሚከፍሉ ሰዎችም ጣራቸውን ከጎረቤት ጓሮ ነው የሰበሰቡት።

ጎርፉን በተመለከተ ከእኔ ጋር አንድ ቀላል ስሌት ሥሩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር ይሆናል። ከአንድ ቤት! መቶ ቤት ካለ 120,000 ሊትር ወደ መንገድ ይወርዳል። ይህ ሁሉ አዌቱ ወንዝ እስኪደርስ የሚሄደው በፌስታልና በአፈር በተደፈነ ዲች ውስጥ ነው። ፌስታሉን የጣለው ነዋሪው ነው ይባላል። የጣለ አለ፣ አልክድም። ዲቹ ውስጥ ግን ጠጠርና የግንባታ ተረፈም አለ፤ እሱን ጎረቤታችን እማማ አልጣሉትም። አሁን ውሃው ካለፈ በኋላ አካፋ የያዙ ሰዎች ካሜራ ፊት ዲች ሲጠርጉ አየን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ከዚያ መብራቱ አለ። ሲጠፋ ሊጥ ኮመጠጠ፣ ወፍጮ ቆመ፣ ስልክ ዘጋ። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ቤት ሁሉ እንጀራ ገዥ ሆነ፤ ከሰልም ወዲያው ዋጋ ጨመረ። ሲመጣ ደግሞ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ከንፋሱ የተረፈውን ዕቃ ጨረሰው። እኛ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ያጋደለ የእንጨት ምሰሶ አለ። ከንፋሱ በፊት ለሚመለከተው አካል ተነግሯል። «ተመዝግቧል» ተብለናል። ዛሬም እንደተመዘገበ አለ፤ አንዳንድ ወጣቶች በገመድ ከዛፍ ጋር አስረውታል። ይህም የግንዛቤ ማነስ ይሆን?

ገንዘብ የለም የሚለውን መልስ ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ለአዳራሽ፣ ለባነር፣ ለታሸገ ውሃና ለአበል ሲሆን ግን አይጠፋም። እሱም ይቅር፣ ገንዘብ የማይጠይቀውን ልጠይቅ። የቀበሌ ቤት ጣራ ለማደስ የገባ ማመልከቻ በሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኘ እንደተፈቀደ ይቆጠር። ቆርቆሮውን ነዋሪው ይገዛል፣ አናጢውን ነዋሪው ይከፍላል። ከቢሮ የሚፈለገው አንድ ደብዳቤ ነው፣ ከሥሩም አንድ ፊርማ። እሱን የሚፈርም፣ ስብሰባ ላይ ያልሆነ ሰው ይፈለግልን።