ሠላሳ ሜትር ለፍሬን አይበቃም

እ.ኤ.አ. በ1990 በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አውራጃ ሁለት ፖሊሶች በፍጥነት የሚመጣ ሞተር ሳይክል ለማስቆም ሞከሩ። አንደኛው መኪናውን ወደ ባልደረባው አስጠግቶ መንገድ ሊዘጋበት ሲል የ18 ዓመቱ ሞተረኛ በመሀል ሾልኮ አመለጠ። ከኋላው የ16 ዓመት ልጅ ተፈናጧል። ሌላኛው ፖሊስ ሳይረኑን ለቆ ተከተለ። 75 ሰከንድ፣ 2 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ያውም በመኖሪያ ሰፈር። ሞተሩ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደቀ። ሞተረኛው ከመኪናው ፊት ዞር አለ፤ የተፈናጠጠውን ልጅ ግን የፖሊሱ መኪና እየተንሸራተተ መጥቶ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገጨው። እዚያው ሞተ።

ማሳደዱ በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር፤ በመካከላቸው የነበረው ርቀት ደግሞ ሲጠብ 30 ሜትር ብቻ። በዚያ ፍጥነት መኪናው ለመቆም 200 ሜትር ያህል ይፈልጋል። 30 ሜትሯን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳታል፤ እግር ከነዳጅ ተነስቶ ፍሬን እስኪረግጥ እንኳ አትበቃም። የሹፌር ጉብዝና እዚህ ጋ ዋጋ የለውም።

ሞተረኛውም ቢሆን ከኩርባው ጋር ነው ትግሉ። 12 ሜትር ራዲየስ ባላት የሰፈር መታጠፊያ፣ አስፋልቱ ደረቅ ሆኖ እንኳ፣ በሰዓት ከ35 ኪሎ ሜትር ብዙም አልፎ መግባት አይቻልም። የሚሳደድ ሰው ዓይኑ መስታወቱ ላይ ስለሆነ ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ፣ ሞተሩ ካጋደለ በኋላ ነው። ያኔ የፊት ጎማ ይከዳል። የተፈናጠጠው ደንግጦ ወደ ተቃራኒው ጎን ካዘነበለማ መታጠፉ ይብስ ይከብዳል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ለፖሊሱ ፈረደ፤ ለመጉዳት አስቦ ካላደረገው የሕገ መንግሥት ጥሰት አይሆንም ብሎ። እሺ ይሁን። የሚከነክነው ግን ፖሊሱ የሚሠራበት የሸሪፍ (የአውራጃው ፖሊስ) መምሪያ የማሳደድ መመሪያ የነበረው መሆኑ ነው፦ ለሬዲዮ ማዕከሉ አሳውቅ፣ የጥፋቱን ክብደት አመዛዝን፣ አደጋው ካመዘነ ተው። ፖሊሱ ለማዕከሉ አላሳወቀም። ደሙ በፈላ ሰው እጅ “አመዛዝን” የሚል ቃል ምን ይሠራል?

መመሪያው ማመዛዘን የማይፈልግ መሆን አለበት። የተፈናጠጠ ሰው ካለ አትከተል። ከመሸሹ ሌላ የታወቀ ከባድ ወንጀል ከሌለ አትከተል። ማዕከሉ ካልፈቀደ የፖሊስ መብራቱን አጥፋ። “ታዲያ ሁሉም አይሸሽም ወይ?” ለሚለው፣ የፖሊስ መብራቱን ከማብራት በፊት ታርጋውን ማንበብና በማግስቱ ቤቱ ድረስ መሄድ አለ። ታርጋውን አጥፎ የሚነዳ አለ፣ እውነት ነው፤ እሱ ያምልጥ። በነፍስ ግድያ የሚፈለግ ከሆነ መከተል ግድ ነው፤ ያኔም ቢሆን በ160 እየነዱ ከ200 ሜትር መቅረብ አይገባም።