ኔት ዜሮ ሲባል የቱ ልቀት ተቆጥሮ?

ስለ ኩባንያዎች የካርቦን ልቀት ያወጣችሁት ጽሑፍ «ኔት ዜሮ»ን (የተጣራ ዜሮ ልቀትን) እና «ካርቦን ገለልተኛ»ን እንደ አንድ ነገር ማየቱ አልተዋጠልኝም። ካርቦን ገለልተኛ ለመባል ብዙ ጊዜ የካርቦን ክሬዲት (ሌላ ቦታ ለተቀነሰ ወይም ለተወገደ ልቀት የሚሰጥ ምስክር ወረቀት) ገዝቶ ማካካስ ይበቃል። ኔት ዜሮ ግን መጀመሪያ ልቀቱን ራሱን መቀነስ ይጠይቃል። ከአየር ላይ በማስወገድ የሚካካሰው፣ ምንም ቢደረግ ሊቀር ያልቻለው ትራፊ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ግን «ስኮፕ 3»፣ ማለትም ከኩባንያው ውጭ በአቅራቢዎቹና በምርቱ ተጠቃሚዎች ዘንድ የሚወጣው ልቀት፣ ሳይነሳ መታለፉ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን መኪና ውስጥ ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ነዳጅ አምራቹ ይህን የሚመዘግበው በስኮፕ 3 ውስጥ ነው። ስኮፕ 1 የራሱ ጉድጓዶችና ማሽኖች ልቀት፣ ስኮፕ 2 ደግሞ ከሚገዛው ኤሌክትሪክ የሚመጣው ልቀት ነው። አንድ የነዳጅ ኩባንያ «እ.ኤ.አ. በ2050 ኔት ዜሮ እንገባለን» ብሎ 1 እና 2ን ብቻ ከቆጠረ፣ ትልቁ ድርሻ ከሒሳቡ ውጭ ቀረ ማለት ነው። እባካችሁ ይህን ጨምሩበት፤ አንባቢ ቃሉን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ።