እርማት፦ ካንሰር የደካማ ሰው በሽታ ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «ካንሰር የሚይዘው የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰውን ብቻ ነው፤ ጥቁር አዝሙድ በማር ያጠፋዋል» ያልከው ስህተት ነው። የመከላከያ ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ በተባለ መልእክት የካንሰር ሴሉን «መባዛት አቁም» ይሉታል። አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ግን መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያደርሱት ጃክ 1 ወይም ጃክ 2 የተባሉት ፕሮቲኖች ተበላሽተውባቸዋል። ደጅ ላይ ቢጮህም ቤት ውስጥ የሚሰማ የለም። ታዲያ ጩኸቱን ማብዛት ምን ይፈይዳል? ሌሎቹ ደግሞ ፒዲ-ኤል 1 በተባለ ፕሮቲን ጠባቂዎቹን የመከላከያ ሴሎች ራሳቸውን ያደነዝዛሉ።

ኮምቦልቻ ያለች ጎረቤቴ የጡቷን እብጠት፣ ገና አተር ሲያህል ጀምሮ፣ ስድስት ወር በጥቁር አዝሙድ አስታመመችው። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ወደ ብብቷ ተዛምቶ ነበር። እባክህ ጽሑፍህን ዛሬውኑ አስተካክለው፤ ደሴ ውስጥ ብዙ እናቶች ያነቡሃል።