እርማት፦ የመካከለኛው ዘመን ምሁራን ምድርን ጠፍጣፋ አላሏትም

ወንድሜ፣ «ኮሎምበስ በ1492 እስኪጓዝ ድረስ ሰው ሁሉ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ ያምን ነበር» ብለህ የጻፍከው ትክክል አይደለም። ብዙዎቻችን እንዲሁ እየሰማን ስላደግን አልፈርድብህም፤ ግን መታረም አለበት።

እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ በ725 ምድር እንደ ጋሻ ሳይሆን እንደ ኳስ ድቡልቡል መሆኗን ጽፏል። በ13ኛው መቶ ዘመን ምሁሩ ሳክሮቦስኮ ያዘጋጀው፣ ምድር ድቡልቡል መሆኗን የሚያስረዳው የሥነ ፈለክ መማሪያ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለዘመናት ተነቧል። የሚያቀርበው ማስረጃ ግሩም ነው፦ መርከብ ከወደብ ሲርቅ፣ ከምሰሶው ሥር የቆመው መርከበኛ የየብሱን ምልክት ማየት ሲሳነው፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ የወጣው ግን ያየዋል። በመካከል ያለው የባሕሩ ጉብታ ነውና የሚጋርደው።

ምሁራኑ የተሳሳቱት ሌላ ላይ ነው። ምድር መሐል ቆማ፣ ጨረቃ፣ ፀሐይና ከዋክብት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በተደራረቡ ሰማያት ይዞሯታል ይሉ ነበር። መሐል መሆኗም ለክብር አልነበረም፤ ከሰማያት ሁሉ በታች ያለው ከባዱ ነገር የሚዘቅጥበት ስፍራ ነበር።

ከኮሎምበስ ጋር የተከራከሩት ምሁራንም ጥያቄያቸው ስለ ምድር ቅርጽ ሳይሆን ስለ ስፋቷ ነበር፤ በዚህም እነሱ ልክ ነበሩ፣ እሱ እስከ እስያ ያለውን ርቀት እጅግ አሳንሶታል። አፈ ታሪኩን ያስፋፋው አሜሪካዊው ደራሲ ዋሽንግተን ኢርቪንግ በ1828 ያሳተመው የኮሎምበስ ታሪክ ነው።

ጠፍጣፋ ናት ያለ ሰው ጠፍቶ አይደለም። በአፄ ካሌብ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ ዓለምን በሙሴ ድንኳን አምሳል እንደ ሣጥን ስሏታል። የዘመኑ ሰው፣ ክርስቲያኑ የእስክንድርያ ፈላስፋ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ግን ምድር ድቡልቡል ናት ብሎ አስተምሯል።