የድንች ቀን ቆረጣ

ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በተሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች ለሠርግ ቀን መቁረጥ ለጓሮ ድንች ቀን ከመቁረጥ ይቀላል። በሠርጉ የሚከራከሩት ሁለት ቤተሰቦች ብቻ ናቸው፤ ጾሙም አስቀድሞ ስለሚታወቅ ምርጫው ጠባብ ነው። በድንቹ ጉዳይ ግን ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የልጆቹ አስጠኚ፣ ጋዝ ለመሙላት የመጣው ልጅ ሳይቀር ድምፅ አለው። ይህ ሁሉ ሸንጎ የሚቆመው ደግሞ የውሃ ታንከሩ፣ ሰርቪስ ክፍሉና የመኪና ማቆሚያው ወስደው ለተረፈው፣ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ቢነጠፍ ለሚሸፈን መሬት ነው።

እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ድንች ከተተከለ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። የበልጉ ዝናብ ወደ የካቲት ማለቂያ ወይም በመጋቢት ይጀምራል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ የጀመረ መስሎ ያልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭጋጉና እርጥበቱ ሲበረታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው ያው በሽታ ይመጣና ትናንት ለምልሞ የታየውን ቅጠል በቀናት ውስጥ አጥቁሮ እሳት የበላው ያስመስለዋል። ስለዚህ ቀደም ብሎ የተከለ ሰው በሽታው ሳይደርስበት ድንቹን ቆፍሮ ያወጣል። ዳሩ ግን እጅግ ከቀደመ የጥር ውርጭ ያገኘዋል፤ ከውርጩ ቢያመልጥ ደግሞ ውሃ የለውም፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስኖ ማለት ከልብስ አጠባ የተረፈው ሁለተኛው እጣቢ ነው። በውርጩና በበሽታው መካከል የምትገኘው ያቺ ጠባብ በር ናት እንግዲህ ሰፈሩን ሁሉ የምታጋፋው።

የክርክሩ መሪ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እሳቸው ዘንድ ማንኛውም የድንች ውይይት የሚጀምረው «ለመሆኑ ዘመኑ የማን ነው?» በሚል ጥያቄ ነው። መልሱን ያውቁታል፤ የሚጠይቁት ለማስላት ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምራሉ፣ ለ4 ያካፍላሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ደግሞ ዮሐንስ። ስሌቱ እንከን የለውም። እንከኑ የሚመጣው ከስሌቱ በኋላ ነው፤ አንዱ ጎረቤት «በማርቆስ ዝናቡ ይቀድማል፤ አባቴ ሲሉ ሰምቻለሁ» ሲል ሌላው «የኔ አባት ደግሞ ይዘገያል ነው የሚሉት» ብሎ ይነሣል። ሁለቱም አባቶች በሕይወት ስለሌሉ ነገሩ ውሳኔ ሳያገኝ ይቀራል።

ዓመቱ ከታወቀ በኋላ ቀኑ ይፈለጋል። በየካቲት 12 ሚካኤል ነው፤ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ከዓድዋ በዓል ጋር፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 ደግሞ ባለወልድ ነው። በእነዚህ ቀናት መሬት የሚነካ የለም። በቅዳሜና በእሑድም ዶማ ማንሣት በሰንበት የሚያስወቅስ በመሆኑ የተረፉት ቀናት የመንግሥት ሠራተኛው ቢሮ፣ ነጋዴው መርካቶ የሚውልባቸው ብቻ ናቸው። ሰውየው ቤቱ ሲውል መቆፈር ነውር ነው፤ መቆፈር ሲፈቀድ እሱ ቤቱ የለም። በዓል የማያከብረውም ጎረቤት ቢሆን በጊዮርጊስ ዕለት የዶማ ድምፅ አሰምቶ የመንደሩን ዓይን በራሱ ላይ ማምጣት አይፈልግም፤ ስለዚህ እሱም በተዘዋዋሪ ያከብራል።

ወጣቶቹ በዚህ ሁሉ ይስቃሉ፤ እነሱ ሳይንስ አላቸው። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግ ትንበያ በወጣ ቁጥር በስልካቸው ከፍተው ያነባሉ። ትንበያው እንደ ሙያው ደንብ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ ወደ መደበኛ የተጠጋ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆኑን ዕድል ለየአካባቢው ለይቶ ይነግራል። ትንበያው በሥነ ሥርዓት የተዘጋጀ ነው፤ ሥርዓት የሌለው አንባቢው ነው። ቀድሞ መትከል የሚፈልገው «ከመደበኛ በላይ» የሚለውን ይዞ ይሄዳል፤ ዶማ ማንሣት ያልፈለገው «ከመደበኛ በታች» የሚለውን ይዞ ይተኛል። የዕለቱን ትንበያ ከስልኩ የሚከታተለውም ቢሆን የሚያየው የቦሌን ሰማይ ነው፤ ወጨጫ ተራራ ሥር ያለው ደመና ግን ቦሌን አያማክርም።

ዘሩ ሌላ ራስ ምታት ነው። አትክልት ተራ ሄዶ «ይህ ድንች ለዘር ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ ሰው «አይሆንም» የሚል መልስ አግኝቶ አያውቅም። ሻጩ ወዲያው «የሆለታ ነው» ይላል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ከድንች ዝርያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ጃለኔን፣ በ2006 ጉደኔን፣ በ2009 በለጠን ለገበሬው አውጥቷል፤ ገበያ ውስጥ ግን ሁሉም ድንች እንደ ጠያቂው ፍላጎት ስሙን ይለዋውጣል። በለጠ የፈለገ በለጠ፣ ጉደኔ የፈለገ ጉደኔ ይሸጥለታል፤ ከአንድ ጆንያ። ሻጩ የማይናገረው ደግሞ ድንች በተቆፈረ ማግስት እንደማይበቅል ነው። እንደ ዝርያው ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ይተኛል፤ ካልነቃም ለመንደሩ ቀን ቆራጮች ደንታ የለውም።

ድንቹ እስኪነቃ ድረስ ጥላና ብርሃን ባለበት ቦታ ስስ አድርጎ መዘርጋት ያስፈልጋል። ከአልጋ ሥር በጆንያ የተቀመጠው ነጭና ረጅም ቡቃያ ያወጣል፤ ሲነኩት ይቀነጠሳል። በረንዳ ላይ በሰፌድ የተሰጣው ግን የአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ደንደን ያለ፣ ሥሩ ወይን ጠጅ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ቡቃያ ይሰጣል። ችግሩ ዐቢይ ጾምም አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት መግባቱ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ምጣዱም ድስቱም ድንች በሚጠራበት ወቅት በረንዳ ላይ ድንች አስጥቶ መተው ድመት ፊት ቋንጣ እንደ መስቀል ነው። ባል «ለዘር ነው» ይላል፤ ሚስት «ከዘሩ ስድስት ብቻ ለአልጫ ወሰድሁ» ትላለች። አማት ልትጠይቅ የመጣች ቀን ደግሞ ስድስቱ አሥራ ሁለት ይሆናሉ።

ዘሩን ከድስት የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም አረንጓዴነቱ። ብርሃን ያገኘ ድንች ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ሶላኒን የሚባለው መራራ መርዝም አብሮ ይበዛበታል። ለመብላት ያስፈራል፤ ለዘር ግን ምንም አይለውም፣ እንዲያውም በዚህ መልክ የሰነበተ ዘር ይመሰገናል። አማት ሰፌዱን ገልበጥ አድርጋ «እንዴ ልጄ፣ ይህ እኮ ተበላሽቷል!» ያለች ዕለት ባል በልቡ እልል ይላል። ለነገሩ ቡቃያው ደርሶ፣ ቆዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ ድንቹ በራሱ በኩል ዝግጅቱን ከጨረሰ ሰንብቷል። ያልተዘጋጀው ሰው ነው።

ያልተዘጋጀበት ምክንያት ከዝናቡም ከውርጩም ከዘሩም አይደለም፤ ማንም ሰው ቀድሞ መትከል አለመፈለጉ ነው። ቀድሞ ተክሎ ውርጭ የመታው ሰው ድንቹን ብቻ አያጣም፤ እስከ መስከረም ድረስ «ነግሬው ነበር» የሚል ሰው በየመንገዱ ይጠብቀዋል። ቀድሞ ተክሎ የቀናው ሰውም አይመሰገንም፤ «ድሮም ጊዜው ያ ነበር፤ እኔ ራሴ ልተክል ስል እንግዳ መጣብኝ» ይባላል። ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ አገራችን እንዳስገባ ይጻፋል፤ በደህና ጊዜ መጥቶ ነው እንጂ በእኛ ዕድር በኩል አልፎ ቢሆን ኖሮ ድንቹ እስካሁን ሻንጣው ውስጥ ነበር። በመሆኑም በየካቲት ማለቂያ ሁሉም በአጥሩ ቀዳዳ የሌላውን ጓሮ ያያል። አንዱ ጓሮውን ለመጥረግ እንኳ መጥረጊያ ቢያነሣ «ጀመረ መሰለኝ» የሚለው ወሬ እርሱ ጠርጎ ሳይጨርስ የሰፈሩ ጫፍ ይደርሳል።

ይህን ቋጠሮ ለዓመታት ሲፈታ የኖረው ከሰሜን ሸዋ የመጣው የሰፈሩ ዘበኛ ነው። እሱ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጥጋት ማንንም ሳያማክር ይቆፍራል። የመጀመሪያው ደኅና ዝናብ በጣለ በማግስቱ እጁን እስከ አንጓው አፈር ውስጥ ይከታል፣ አፈሩን ጨብጦ ይለቃል፣ ጭብጡ ሳይበተን ከቆየለት ይተክላል። የቤት ባለቤት ስላልሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የእሱ ቀዳሚነትም ማንንም አያሳፍርም። ነገር ግን በነጋታው በየጊቢው ዶማ ይሰማል። ሁሉም ባንድ ቀን ስለሚተክል ሁሉም ባንድ ሳምንት ተክሉን አፈር ያስታቅፋል፣ ሁሉም ሰኔ ላይ ባንድ ሳምንት ይቆፍራል፤ ቀዳሚ ድንች ለጎረቤት ለማቅመስ የወጣችው ሴት በሩ ላይ ድንች ልታቀምሳት ከመጣችው ጎረቤቷ ጋር ሳህን ለሳህን ትጋጫለች።

ዘንድሮ መምህሩ ይህን ምሥጢር ደረሱበትና በዕድሩ ስብሰባ ላይ ዘበኛው እየተጠራ ቀኑን እንዲያሳውቅ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ዘበኛው ተጠርቶ ወንበር ተሰጠው፤ «እስቲ ንገረን ወንድሜ፤ መቼ ይሻላል?» ተባለ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ሰማዩን በመስኮት አየና፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ ከባድ ነው። ዘመኑ የማን ነው?» አለ። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ጥሏል፤ የጥበቃ ቤቱ ጀርባ ግን እንዳለ ነው፤ እሱም «እስቲ የሌላውን እንይ» ማለት ጀምሯል።